ኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ኢንሹራንሱን ጠይቁ

ኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያማረው ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎሜትር ይወስዳል፣ ለመሙላት ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል... ኢንሹራንሱስ እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላይም፣ መኪናው ከተገዛ በኋላ ሰሌዳ ለማውጣት ሲኬድ የሚደረስበት ወረቀት ተደርጎ ነው የሚታየው። የነዳጅ መኪና ከሆነ እሺ ይሁን፣ ኢንሹራንሶቹ መቶ ዓመት የኖሩበት ነገር ነው፣ ምን ሲሰበር ስንት እንደሚያስወጣ በቃላቸው ያውቁታል። ኤሌክትሪክ ላይ ሲመጣ ግን የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ አንድ ዕቃ ላይ፣ ባትሪው ላይ ተከምሯል፣ ዕቃው ደግሞ የተቀመጠው ከወለሉ ስር ነው፣ ልክ ድንጋይ የሚነካው ቦታ። ስለዚ የትኛውን ልግዛ የሚለውና ምን አይነት ኢንሹራንስ ልግባ የሚለው ተለያይተው የሚጠየቁ ጥያቄዎች አይመስሉኝም፣ ነዳጅ ላይ በአምስት ዓመት ያተረፋችሁትን አንድ መጥፎ የተጻፈ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ ማለት ነው) በአንድ ቀን ሊበላው ይችላል።

መጀመሪያ አይነቶቹን እንለይ፣ ሻጮች ሁሉንም በጅምላ ግሪን ስለሚሏቸው ይምታታል። ሃይብሪድ የሚባለው የቤንዚን ሞተርም ትንሽ ባትሪም ያለው፣ ሶኬት ላይ የማይሰካ ነው፣ ባትሪው የሚሞላው ከሞተሩና ፍሬን ስትይዙ ከሚመለሰው ጉልበት ነው። ቶዮታ ፕሪየስ በ1997 ጃፓን ላይ ሲወጣ ይሄን ነገር በብዛት ተመርቶ የሚሸጥ መኪና ያደረገው እሱ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ተለቅ ያለ ባትሪ አለው፣ ይሰካል፣ የተወሰነ ርቀት በኤሌክትሪክ ብቻ ይሄድና ከዛ ቤንዚኑ ይረከበዋል። ሙሉ ኤሌክትሪክ ደግሞ ማርሚታ የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ነዳጅ የሚባል ነገር አያውቅም።

ጥቅሙን ከነዳጁ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ሶስት ሩብ ኪሎ ቢሆን ነው፣ ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከገባው በላይ እንዴት ይወጣል ካላችሁ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየሩ ላይ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው፣ ትርፉ ክብደት የኦክስጅኑ ነው። ናፍጣ ሲሆን 2.7 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። እንግዲህ 50 ሊትር ቤንዚን ሞልቶ የጨረሰ ሰው 115 ኪሎ የሚሆን ጋዝ አየር ላይ በትኗል ማለት ነው፣ አይታይም እንጂ ከኋላ ቢጫን መኪናው ዝቅ ይል ነበር።

ሁለተኛው ብክነቱ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መስሪያ ቤት እንደሚለው የቤንዚን መኪና ከነዳጁ ጉልበት ጎማው ላይ የሚያደርሰው ከ12 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው፣ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ከመስመር ከወሰደው ውስጥ ከ77 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ጎማ ያደርሳል። ይሄ ልዩነት ነው ኪስ ላይ የሚታየው፣ ኤሌክትሪክ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ መኪናው ራሱ ስለማያባክን ነው። ፍሬን ስትይዙም ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ይቀየርና ጉልበቱን መልሶ ባትሪ ውስጥ ይከታል፣ በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራ ከለመድነው በጣም ረዝሞ ይቆያል፣ እንዲያውም አንዳንዱ ፍሬኑን ስለማይጠቀምበት ዲስኩ ዝጎ ይመጣል፣ መካኒኮች የሚስቁበት ችግር ነው።

የሞተር ዘይት መቀየር የለም፣ ካንዴላ መቀየር የለም፣ የሞተር ቺንጊያ ተበጠሰ የሚባል ስጋት የለም። ግን ምንም ሰርቪስ አይፈልግም የሚሏችሁን አትመኑ። ጎማ ቶሎ ይበላል፣ ምክንያቱም ባትሪው ከባድ ነው፣ ሞተሩም ከቆመበት ሲነሳ ያለ የሌለ ጉልበቱን ባንዴ ነው የሚሰጠው። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለው፣ የኤሲ ፊልትሮ አለው፣ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚረሳው 12 ቮልቷ ትንሿ ባትሪ አሁንም አለች። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ 90 በመቶ ሞልቶም ቢሆን መኪናው በሩ እንኳን አልከፈት ሊል ይችላል።

ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከካርቦኑ በላይ ቅርቡ ጥቅም ሳንባው ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሚተነፍሰው ናይትሮጅን ኦክሳይድና ጥላሸት ከጭስ ማውጫ ነው የሚመጣው፣ የናፍጣ አምራቾች ይሄን ቀንሰናል ሲሉ የኖሩበትን ነገር ደግሞ በ2015 የቮልስዋገን ጉዳይ ሲወጣ አይተነዋል፣ መኪናው ላቦራቶሪ ውስጥ እየተፈተሸ መሆኑን የሚያውቅ ሶፍትዌር ተጭኖለት ፈተና ላይ ብቻ ንጹህ ይሆን ነበር፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደፈለገ። ጭስ ማውጫ የሌለው መኪና እንዲህ አይነት ማጭበርበሪያ መንገድ ላይ የለውም።

ታድያ ሁሉም ነገር ንጹህ ነው ወይ? አይደለም። ባትሪው ሲመረት ብዙ ጉልበት ይበላል፣ ስለዚ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚኑ የበለጠ የካርቦን ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ዕዳውን የሚከፍለው እየተነዳ ነው። በምን ፍጥነት ይከፍላል የሚለውን የሚወስነው ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ ነው፣ ከውሃ ወይም ከነፋስ ወይም ከጸሃይ ከሆነ ቶሎ ይከፍላል፣ ከድንጋይ ከሰል ከሆነ ረጅም መንገድ መነዳት አለበት። በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው ደህና መኪናውን ሸጦ አዲስ ኤሌክትሪክ ቢገዛ ለአካባቢው ያደረገው ውለታ ያን ያህል አይደለም፣ ብዙ የሚነዳ ሰው ግን በእውነት ልዩነት ያመጣል።

ፕለግ ኢን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዛ ላይ ስለሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው የነዳጅ ፍጆታ ለማመን የሚከብድ ትንሽ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከመኪኖቹ ከራሳቸው የተሰበሰበውን የእውነተኛ መንገድ ዳታ ሲያይ፣ የፕለግ ኢኖቹ ልቀት ከላቦራቶሪው ቁጥር በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ምስጢር የለውም፣ ባለቤቶቹ አይሰኩትም። ሳይሰካ የሚነዳ ፕለግ ኢን ማለት ከባድ ባትሪ ተሸክሞ የሚዞር የቤንዚን መኪና ነው። ማታ ማታ የምትሰኩበት ቦታ ከሌላችሁ ተራው ሃይብሪድ ይሻላችኋል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ።

ሙሉ ኤሌክትሪክ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ የባትሪውን አይነት ጠይቁ። አሁን ገበያው ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው፣ አንዱ ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር የሆነው፣ ኤልኤፍፒ የሚሉት፣ ሌላው ኒኬልና ማንጋኒዝ ኮባልት ያለው ኤንኤምሲ የሚሉት። ኤልኤፍፒ ኮባልትም ኒኬልም የለውም፣ ይረክሳል፣ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ መውረድን ይችላል፣ ሙቀት ሲበዛበትም እንደሌላው ቶሎ አይቀጣጠልም፣ ጉድለቱ በተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ጉልበት ያንሳል፣ ብርድ ላይም ይደክማል። ኤንኤምሲ ቀለል ብሎ ሩቅ ይወስዳል፣ ግን ሁሌ እስከ 100 ባትሞሉት ይመክራሉ፣ ለየቀኑ 80 ይበቃል። ብርድ ካነሳን አይቀር ሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና ብርድ ይጎዳዋል፣ የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማህበር ትሪፕል ኤ በ2019 ሲሞክር ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ማሞቂያ ተከፍቶ ሲነዳ የሚሄደው ርቀት በአማካይ 41 በመቶ ቀንሷል።

የባትሪ ዋስትና የተለመደው 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎሜትር ነው፣ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል፣ በዛ ጊዜ ውስጥ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ አምራቹ ይጠግናል ወይ ይቀይራል። እዚህ ጋ ነው ትልቁ መምታታት ያለው፣ ሰው "ባትሪው ስምንት ዓመት ዋስትና አለው" ሲባል ምንም ቢሆን ይቀየርልኛል ብሎ ይሰማዋል። ዋስትናው የፋብሪካ ጉድለትንና ከተገባው በላይ መድከምን ነው የሚይዘው። ድንጋይ ቢመታው፣ ጎርፍ ቢገባበት፣ ከኋላ ሌላ መኪና ቢገጨው አምራቹ አያገባውም፣ እሱ የኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ በተራው በዕድሜ መድከምን አይከፍልም። በሁለቱ መሃል ክፍተት አለ፣ ለምሳሌ የተጎዳው በአደጋ ነው ወይስ ድሮም ጉድለት ነበረው የሚለው ካልታወቀ ሁለቱም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ፣ እናንተ መሃል ላይ ትቆማላችሁ።

እሺ፣ ኢንሹራንሱ ጋ ደረስን። መሰረቱ እንደማንኛውም መኪና ነው። ሶስተኛ ወገን ማለት እናንተ በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት የሚከፍል ነው፣ በአብዛኛው አገር ግዴታ ነው፣ ለራሳችሁ መኪና ግን ቤሳ ቤስቲን አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን የሚባለው የራሳችሁንም መኪና ይጨምራል፣ ግጭት፣ ስርቆት፣ እሳት፣ አንዳንዴ ጎርፍ። ለኤሌክትሪክ መኪና ሶስተኛ ወገን ብቻ ገብቶ መንዳት የሚቻል ነገር ነው ግን የባትሪውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም።

ክፍያው ከቤንዚን መኪና ይወደዳል ወይስ ይረክሳል? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሁለቱም የሚጎትቱ ነገሮች አሉ። ወደ ላይ የሚጎትተው ጥገናው ነው። እንግሊዝ አገር ያለው ታቻም ሪሰርች፣ ለኢንሹራንሶች የሚያጠና ድርጅት ነው፣ በ2023 ባወጣው ጥናት የኤሌክትሪክ መኪና ክሌም (ከኢንሹራንሱ የሚጠየቀው ካሳ) ከነዳጁ 25.5 በመቶ ገደማ እንደሚወደድና ጥገናውም 14 በመቶ ያህል ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድ አግኝቷል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ለመስራት የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል፣ 400 ቮልት፣ አንዳንዱ ላይ 800 ቮልት ነው፣ ማንም መፍቻ የያዘ ሰው እጁን የሚከትበት አይደለም። የተጎዳ ባትሪ ያለው መኪና ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ አይቀመጥም፣ ውጪ፣ ከሌላ መኪናና ከህንጻ 15 ሜትር ያህል ርቆ እንዲቆም ነው የሚመከረው፣ ያ ቦታም ኪራይ አለው።

ወደ ታች የሚጎትተው ደግሞ መንግስትና ኢንሹራንሶቹ የሚሰጡት ማበረታቻ ነው። ህንድ ውስጥ ለምሳሌ የሶስተኛ ወገን ክፍያ በመንግስት ነው የሚተመነው፣ በ2022 በወጣው ተመን ለኤሌክትሪክ 15 በመቶ ለሃይብሪድ 7.5 በመቶ ቅናሽ ተደርጓል። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከመኪና ኢንሹራንስ ታክስ ነጻ አድርጋ ነበር፣ ከዛ በ2024 ቀነሰችው፣ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ጨርሶ አነሳችው፣ ዘንድሮ ያለ ቅናሽ ለከርሞ ላይኖር እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፣ ስለዚ ስሌታችሁን ቅናሹ ላይ ብቻ አትስሩት። በኪሎሜትር የሚከፈል ኢንሹራንስ ባለበት አገር ትንሽ የሚነዳ ሰው ትንሽ ነው የሚከፍለው፣ ብዙ ኢንሹራንሶች ደግሞ ራሱ ፍሬን የሚይዝ ሲስተም ያለውን መኪና በጥሩ ዓይን ያያሉ። አንዳንዶቹም በተቻለ መጠን ከሌላ መኪና በተነቀለ ደህና ዕቃ ለመጠገን የተስማማን ደንበኛ ቅናሽ ይሰጡታል፣ በር ወይም ፓራውልት ከሆነ እኔ አልጠላውም፣ አዲስ ብረትና ፕላስቲክ ከማምረት ለአካባቢውም ይሻላል፣ የኤርባግና የፍሬን ዕቃ ከሆነ ግን አይሆንም።

እሳቱስ? ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ቪድዮ ሰውን አስፈርቶታል። የስዊድን የአደጋ መከላከል መስሪያ ቤት የ2022ቱን ሲቆጥር ከ600 ሺህ በላይ ከሆኑ ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪኖች ውስጥ የተቃጠሉት 23 ናቸው፣ ከ4.4 ሚሊዮን የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ደግሞ 3,400 ገደማ። በመቶኛ ሲሰላ ሃያ እጥፍ ልዩነት ነው። እርግጥ የነዳጆቹ መኪኖች በዕድሜ ያረጁ ናቸው፣ ሆን ተብለው የተቃጠሉም አሉበት፣ ስለዚ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይገባም፣ ግን ቪድዮው የሚነግረንን ነገር አይደግፍም። እውነቱ ያለው ሌላ ጋ ነው፣ ኤሌክትሪክ መኪና እምብዛም አይቃጠልም፣ ከተቃጠለ ግን ለማጥፋት ያስቸግራል፣ ባትሪው ከብዙ ትንንሽ ሴሎች የተሰራ ነው፣ አንዱ ሴል ሲግል ጎረቤቱን እያጋለ ይሄዳል፣ ጠፋ ከተባለም ከሰዓታት ወይ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። የመኪናው ኢንሹራንስ መኪናውን ይከፍል ይሆናል፣ ቤት ውስጥ ቆሞ ከተቃጠለ ቤቱን ግን የሚከፍለው የቤቱ ኢንሹራንስ ነው፣ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ስታስገጥሙ ለቤቱ ኢንሹራንስም ማሳወቅ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ያ ሁሉ የማስፈራራው ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ እንየው። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ናችሁ፣ የሆነ ነገር ከስር ቧ አለ፣ መኪናው ግን ቀጠለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት አልበራም። ቤንዚን መኪና ቢሆን ጎንበስ ብላችሁ ዘይት ይፈስ እንደሆን አይታችሁ ትሄዱ ነበር። ኤሌክትሪኩ ላይ ከስር ያለው ሰፊ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ የባትሪው ክዳን፣ እሱ ላይ የመዳፍ ያህል ስርጉድ ያለ ቦታ አለ። የኢንሹራንሱ ገማች ይመጣል፣ መኪናው ይነሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ኮምፒውተር ይሰካል። ኮምፒውተሩ ሴሎቹ ሁሉ ደህና ናቸው ሊል ይችላል። ገማቹ ግን ውስጡን አያይም፣ ሳጥኑ ውሃ እንዳያስገባ የታሸገ ነው፣ አንዳንዱ አምራች ሴሎቹን ከመኪናው ሻንሲ ጋር አጣብቆ ነው የሚሰራው፣ ሞጁል በሞጁል (ሞጁል የሴሎች ጥቅል ነው) አውጥቶ የተበላሸውን ብቻ መቀየር አይቻልም። አምራቹ የጥገና መመሪያ ካላወጣ ወይም ስርጉዱ ከዚህ ሚሊሜትር ካለፈ ይቀየር የሚል ከሆነ ገማቹ ደህና ነው ብሎ ፊርማውን አያስቀምጥም፣ ነገ ቢቃጠል ተጠያቂው እሱ ነዋ። የባትሪው ዋጋ መኪናው አሁን ካለው ዋጋ ጋር ሲጠጋ ቶታል ሎስ ይባላል፣ መጠገኑ አያዋጣም ማለት ነው። ጭረት የሌለው፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ በራሱ ነድቶ የመጣ መኪና ቶታል ሎስ! ባለቤቱ የሚናደደው ይገባኛል፣ ግን እንዲህ ነው ሂሳቡ።

ስለዚህ ሲገዛ የሚጠየቀው አንዱ ጥያቄ ይሄ ነው፣ የዚህ ሞዴል ባትሪ በሞጁል ይጠገናል ወይስ በሙሉ ነው የሚቀየረው፣ ከስሩ መከላከያ ሳህን አለው ወይ፣ ዕቃው በስንት ጊዜ ይመጣል። ከዛ ሻጩ ጋ ሳትፈርሙ ኢንሹራንስ ጋ ደውሉና የሞዴሉን ስም ነግራችሁ ዋጋ አውጡ፣ ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ሁለት ኤሌክትሪክ መኪኖች ክፍያቸው በጣም ሊለያይ ይችላል፣ የሚለያዩትም በአብዛኛው በጥገናው ነው።

ፖሊሲው ላይ ምን ይታይ? ባትሪው የመኪናው አካል ሆኖ በስሙ ተጠርቶ መጻፉ መጀመሪያ ነው። ቀድሞ ሬኖ ዞኢን የመሳሰሉ መኪኖች ባትሪያቸው በኪራይ የሚሸጡበት ጊዜ ነበር፣ መኪናው የእናንተ ባትሪው የኩባንያው፣ እንዲህ ያለ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ባትሪውን ማን ኢንሹር እንዳደረገው ካልታወቀ ጣጣ ነው። ቀጥሎ ቻርጀሩና ኬብሉ፣ ግድግዳ ላይ የተገጠመው ቻርጀር የመኪናው ዕቃ ነው ወይስ የቤቱ? ኬብሉ ቢሰረቅስ? መብረቅ ወይም የመብራት ኃይል በድንገት መጨመር ቻርጅ ላይ እያለ ቢጎዳውስ? እግረኛ መንገድ ላይ በተዘረጋ ኬብል ሰው ተደናቅፎ ቢሰበር የሚከፈለው በየትኛው ክፍል ነው? ይሄ የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል ግን ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብቻ ያለ አዲስ አይነት ተጠያቂነት ነው፣ ደህና ፖሊሲ በግልጽ ይጽፈዋል።

መጎተት ሌላው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና በገመድ ታስሮ ጎማው መሬት ላይ እየተሽከረከረ አይጎተትም፣ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ያመነጭና ራሱን ሊያቃጥል ይችላል፣ ጠፍጣፋ መጫኛ ላይ ወጥቶ ነው መሄድ ያለበት። የኢንሹራንሱ የመንገድ እርዳታ እንዲህ አይነት መኪና ይልካል ወይ? ቻርጅ አልቆ መንገድ ላይ መቆምን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል ወይስ የእናንተ ጥፋት ነው ይላል? ሁለቱንም አይነት ፖሊሲ ታገኛላችሁ።

የተመዘገበው ዋጋ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ራሱን ይጎዳል። ክፍያው እንዲቀንስ ብሎ መኪናውን ከዋጋው በታች ያስመዘግባል። መኪናው 100 እያወጣ 60 ተብሎ ተመዝግቦ ጉዳቱ 20 ቢሆን፣ ብዙ ፖሊሲ ላይ የሚከፈለው 20 አይደለም፣ የ20 ስልሳ በመቶ ነው፣ 12። ቀሪው 8 ከኪስ ነው፣ ከዛ ላይ ኤክሰሱ (ከእያንዳንዱ ጉዳት እናንተ የምትሸፍኑት ድርሻ) ሲቀነስ ደግሞ ሌላ። ኤሌክትሪክ መኪና ገበያ ላይ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ ሲታደስ እንደገና መገመት አለበት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። እድሳቱን በስልክ እሺ ብላችሁ አትለፉት። ሌላው፣ አምስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ በአዲስ ሲቀየር ኢንሹራንሱ "አሻሽዬላችኋለሁ" ብሎ ድርሻ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፣ ባትሪ ላይ ይሄ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ድርሻ የማያስከፍልበትን ዓመት ወይም የሚያስከፍለውን መቶኛ ፖሊሲው ላይ አስጽፉ።

ሃይብሪድ የገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ ብዙው አያሳስበውም፣ ባትሪው ትንሽ ነው፣ ኢንሹራንሶቹም ለምደውታል። የሱ ችግር ካታላይዘሩ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ያለችው ጋዝ ማጣሪያ ውስጥ ፕላቲነም ፓላዲየምና ሮድየም አለ፣ ሃይብሪድ ላይ ሞተሩ ሁሌ ስለማይሰራ ብዙም አትጎዳም፣ ሌቦቹም ይሄን ያውቃሉ፣ ከስር ገብተው በደቂቃዎች ቆርጠው ይሄዳሉ። መኪናው ሳይሰረቅ ዕቃው ብቻ ሲሰረቅ የሚከፍል ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንድ ሙሉ ሽፋን የሚባል ነገር ይሄን አይጨምርም።

ድምጽ አልባነቱንም ሳልጠቅስ አልለፍ፣ አውሮፓ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ ሞዴሎች ከ20 ኪሎሜትር በሰዓት በታች ሲሄዱ እግረኛ የሚሰማው ድምጽ እንዲያሰሙ አስገድዳለች፣ ከ2021 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ሁሉም አዲስ መኪና። አንዳንዱ ድምጹ ይረብሸኛል ብሎ ስፒከሩን ያስነቅላል። ማየት የተሳነው ሰው ቢገጭ ያስነቀለው ሰው ኢንሹራንሱ ፊት ምን ብሎ ሊከራከር ነው? መኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ ካልተነገራቸው ክሌሙን ላለመክፈል ጥሩ ምክንያት ሰጣችኋቸው ማለት ነው። መኪናውን ራይድ ላይ ካሰማራችሁም እንደዛው፣ ለግል ተብሎ የተገባ ፖሊሲ ለስራ አያገለግልም።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዙ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳይ ሪፖርት አስወጡ፣ በመቶኛ የሚጻፍ ነው፣ አስቀምጡት፣ ኢንሹራንስ ስትገቡም ኮፒውን ስጧቸው፣ ነገ ክሌም ሲመጣ ባትሪው ድሮም የደከመ ነበር የሚል ክርክር ሲነሳ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ከስር ከተመታ ደግሞ ዳሽቦርዱ ዝም ቢልም ቤት ወስዳችሁ ቻርጅ አታድርጉት፣ ክፍት ቦታ አቁሙት፣ ስልካችሁን ከስር አስገብታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሽታ ወይም ጭስ ወይም የሚንጣጣ ድምጽ ካለ ፎቶውን ተዉትና ራቁ፣ እሳት አደጋ ደውሉ። ከሌለ ግን መጀመሪያ የሚደወለው ኢንሹራንሱ ጋ ነው፣ ሰፈር ያለ ጎበዝ ልጅ ሳጥኑን ከፈት አድርጎ ልይልህ ቢል እንኳን አይንካው፣ አንዴ ማሸጊያው ከተፈታ አምራቹም ዋስትናውን ያነሳል ኢንሹራንሱም ማን እንዳበላሸው አላውቅም ሊል ይችላል።